ጉዳዩ፦ በልጅዎ የፊት ጥርስ ላይ ስለተቀመጠችው ነጥብ

ለተከበሩ የትልቁ ኤሌክትሮኒክስ መደብር የዋስትና ክፍል ኃላፊ
ከወንበርዎ ላይ እንዳሉ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ፣ ለወገብዎ፣ ከሁሉም በላይ ከጠረጴዛ ቀና ማለት ለማይወደው አንገትዎ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ይህን ደብዳቤ በፎቶ ቤቴ መስኮት ላይ፣ በሙሽሮችና በተመራቂዎች መሐል፣ አላፊ አግዳሚ ሁሉ እንዲያነበው የለጠፍኩት በራስዎ ትእዛዝ መሆኑን በትሕትና አስታውቃለሁ። ባለፈው ሰሞን የልጅዎን የሠርግ ፎቶ እንደ ጋሻ አንግበው ደጃፌ ላይ ሲቆሙ፣ እኔም ቀድሞ ስክሪን የሸጡልኝ ሰው መሆኔን ስነግርዎ፣ “አሃ፣ ያ በጣቱ የፈረመው!” ብለው ፊትዎ በራ፤ ወዲያውም “እንግዲያው ይቅርታህን በጽሑፍ ታቀርባለህ፤ አለዚያ ይህን ጉሮኖ አዘጋዋለሁ!” አሉ። እነሆ ጽሑፉ። በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው። በማታ ትምህርት ቤታችን ‘ጸ’ን እንደኔ አሳምሮ የሚጥል አልተገኘም፤ አስተማሪዬ ሰሌዳው ላይ ያስጻፉኝን ለሁለት ቀን ሳያጠፉ ማቆየታቸውንም፣ ራሴን ማመስገን ስለማልወድ፣ አልጠቅሰውም።

ለአንባቢ እንዳይምታታ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ። እኔ ያነሣሁት ሰው አምሮ ካልወጣ ጥፋቱ የወላጆቹ ነው። ያነሣሁትን የምታጸዳው ደግሞ ባለቤቴ ናት፤ ብጉሩን፣ የላቡን ወዝ፣ በጥርስ መሐል የተሰነቀረውን ቅጠል፣ ፈጣሪ ቸኩሎ የተወውን ሁሉ እሷ ረጋ ብላ ትጨርሰዋለች። ለእሷ ዓይን ብለን ነው ከመደብርዎ ስክሪኖች ሁሉ ውዱን፣ እንደ ሙሽራ ተከናንቦ የተቀመጠውን፣ የገዛነው። ቤት ወስደን ብናበራው ነጭ ገጽ ላይ አራት ጥቋቁር ነጥቦች ቁጭ ብለዋል። ባለሙያዎች የሞተ ፒክስል ይሉታል፤ ቢጠርጉት አይጠረግ፣ ቢያጠፉት አይጠፋ፣ ሞቶ እንኳ ቦታውን የማይለቅ ነው። ባለሥልጣን ቢሆን ያምርበት ነበር።

አቤቱታዬንና ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስለ መስተንግዶዎ አመሰግናለሁ። ያንን ስክሪን በትከሻዬ ተሸክሜ ቢሮዎ ስገባ ዓይንዎን ከስልክዎ ላይ ሳያነሡ፣ “አባባ፣ ከአምስት በታች ከሆነ ብልሽት አይባልም፤ ከዋስትናው ጀርባ ተጽፏል፤ ማንበብ ነዋ!” ብለው፣ ዋስትናው ላይ የፈረምኩበትን የአውራ ጣቴን አሻራ ለገንዘብ ተቀባይዋ አሳይተው ጠቀሷት። እሷም ሳቀች፤ ደመወዝ የሚከፈላት ለዚህም ጭምር ሳይሆን አይቀርም። ከበር ስወጣ ደግሞ ወንበርዎን እያሽከረከሩ፣ “ለማንኛውም ዓይንዎ ይለምደዋል” ብለው መረቁኝ። በዚያው ሳምንት የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። የዋስትናውን ጀርባ አሁን አንብቤዋለሁ፤ እውነትም ተጽፏል። ፊደሉ ግን ጉንዳን በቀለም ረግጦ ያለፈበት ይመስላል፤ የተማረ ሰውም እንዳያነበው ተብሎ የሚጻፍ ጽሑፍ መኖሩን ያወቅሁት ከተማርኩ በኋላ ነው።

፪ኛ፦ አስተማሪያችን አራት ነጥብ ሲደረግ ነገሩ አበቃ ማለት ነው ብለውናል። እርስዎም ስክሪኔ ላይ አራት ነጥብ አድርገው የሸጡልኝ ሥራዬ እንዲያበቃ አስበው ከሆነ፣ ሥርዓተ ነጥብ አጠቃቀምዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

፫ኛ፦ ሦስተኛ አቤቱታ የለኝም። ቁጥሩን መጻፍ ስለምወድ ነው።

፬ኛ፦ ክቡር ሆይ፣ ቃልዎ መሬት ጠብ አላለም፤ ዓይናችን ለመደው። በመጀመሪያ ሰሞን ባለቤቴ ትጠነቀቅ ነበር። ጥቁር ነገር ባየች ቁጥር ፎቶውን በስክሪኑ ላይ ወደ ጎን ገፋ ታደርገዋለች፤ ከፊቱ ጋር አብሮ ከሄደ የሰውየው ነው፣ ይጸዳል፤ ባለበት ከቀረ የእርስዎ ነው፣ ይታለፋል። ነገር ግን በቀን የስንቱን ፊት እየገፉ ይኖራል? ቀስ በቀስ መግፋቱን ተወች፤ ነጥቦቹም ቤተሰብ ሆኑ፣ ስም ወጣላቸው። ጥግ ላይ ያለችውን “ገንዘብ ተቀባይዋ” አለቻት፤ በግራ በኩል የተሰለፉት ሁለቱ “ዘበኞቹ” ሆኑ፤ መሐል ላይ ጉብ ብሎ የሰው ፊት በመጣ ቁጥር የማይጠፋውን ደግሞ፣ በክብርዎ ስም፣ “ኃላፊው” አለችው። “ዛሬ ደግሞ ኃላፊው የመምህሩ አፍንጫ ላይ ወጥቶልሃል” ትለኛለች፤ እንስቃለን፤ እናልፋለን።

እንዲህ ተስማምተን ስንኖር ነው እርስዎ፣ በከተማው ከኔ የተሻለ የለም ብለውዎት (ያለዎትም ሰው አልዋሸም)፣ ልጄን ልድር ነው ብለው የመጡት። አላወቁኝም። እንዴት ያውቁኛል? ያን ጊዜ ፊቴን መቼ አዩት! “አባባ” ተብዬ የተባረርኩት ሰውዬ በአንድ ጊዜ “ጋሼ” ሆንኩ። እኔ ግን አወቅሁዎት፤ የሰው ፊት አለመርሳት የሙያዬ እርግማን ነው።

ሙሽራዋ ሳቂታ ናት፤ ከማን እንደወሰደችው አላውቅም። አንዱን ጥሩ ሳቋን ስይዘው ከሽፋሽፍትዋ ቀለም ፍርፋሪ ወርዶ የፊት ጥርሷ ላይ አርፎ ኖሯል። ባለቤቴ ያን ፎቶ ስክሪኑ ላይ ስትከፍተው ነጥቢቱን መሐል ላይ አየቻትና፣ “ኧረ ናልኝ! ኃላፊው ዛሬስ የገዛ ልጁ ጥርስ ላይ ቁጭ ብሏል!” አለች። እስክናነባ ሳቅን። ፎቶውን ገፋ አላደረገችውም። ዓይኗ ለምዷላ! ፎቶው ግድግዳ አክሎ ታተመና ከማተሚያ ቤት እንደተጠቀለለ በቀጥታ ሳሎንዎ ገባ። የሙሽራው ዘመዶች በተሰበሰቡበት መጠቅለያው ሲገለጥ ነጥቢቱ የባቄላ ፍሬ አክላ ነበር አሉ። ፎቶውን ሊሰቅል የመጣው አናጢ እንደነገረኝ የሙሽራው አክስት አጠገቧ ያለችውን ጎሸም አድርጋ፣ “አንቺ፣ ይቺ ልጅ ጥርሷ እንዲህ ነበር እንዴ? ሸፍነው ሰጡን በይኛ!” ብላለች። አናጢው እስከ ዛሬ ሚስማር ሲመታ ትዝ እያለው ጣቱን ይመታል።

፭ኛ፦ አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ሌላ ፎቶ ይታተምልኝ ብለዋል። ጉዳዩን በጥልቀት መርምረነዋል። ነጥቧ አንዲት ናት፤ ከአምስት በታች ስለሆነች ብልሽት አትባልም። ፎቶውን ራቅ ብለው፣ በተለይም ከሌላ ክፍል ሆነው እንዲመለከቱት እንመክራለን። ዓይንዎ ይለምደዋል።

፮ኛ፦ ይህኛው ቀልድ የለበትም። ባለቤቴ ሳሎንዎ ውስጥ የተባለውን የሰማች ዕለት ሳቋ ቆመ። በዕድሜዋ ሙሉ ያመነችው አንድ ነገር ዓይኗን ነው። አሁን የሕፃን ፎቶ ከፍታ ማርያም የሳመቻትን ምልክት ጉንጯ ላይ ስታይ እጇን ከመዳፊቱ ላይ አንሥታ፣ “ናማ እየው፤ ይሄ የልጅቱ ነው ወይስ የስክሪኑ?” ትለኛለች። ገፋ ታደርገዋለች፤ ትመልሰዋለች፤ እንደገና ትገፋዋለች። የሷን ያህል እጅ ያላት ባለሙያ በአንዲት ነጥብ ትፈራለች። እርስዎ አዘጋዋለሁ ብለው የዛቱበት ጉሮኖ ውስጥ የተቀመጠችው ይህች ሴት ናት። ስለዚህ የጠየቁትን ይቅርታ አዘጋጅቻለሁ፦ ባለቤቴን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው የሸጠልኝን ዕቃ ዓይኗ ሥር ስላስቀመጥኩባት። ሙሽራዋንም እጠይቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ዝርዝሩን ብፈልግ ብፈልግ ስምዎን አጣሁት፤ ምናልባት ከጀርባው በደቃቁ ተጽፎ እንደሆነ ገልብጠው ይዩልኝ።

ስክሪኑ ዛሬ ጠዋት እንደ ጥንቱ ታሽጎ፣ ከነ አራት ሟቾቹ፣ ደጃፌ ላይ ተቀምጧል። ጤነኛ ይዘው ቢመጡ እንለዋወጣለን። ቀብሩን የራስዎ መደብር ይቻል።

ቀና ቢሉ ያዩኝ ዘንድ ብቻ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለአንገትዎ ምሕረትን፣ ለሳሎንዎ ግድግዳም ጽናትን ከልቤ እየተመኘሁ፣
የሁልጊዜ አክባሪዎና ደንበኛዎ
ፎቶ አንሺው፣ የማታው ክፍል አንደኛ
(ፊርማ፦ በእስክሪብቶ)

ከፊርማው በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ልጅዎ ትናንት ብቻዋን መጥታ ነበር። ባለቤቴ ያረጀውን፣ ሆዱ የተነፋውን፣ አንድም ነጥብ ያልሞተበትን ስክሪናችንን ከዕቃ ቤት አውጥታ፣ ፎቶውን ሦስቴ ገፍታና መልሳ፣ ጥርሷን ወለል አድርጋ አጽድታላት ነበርና አሳትመን ሰጠናት። አይታው በጥርሶቿ ሁሉ ሳቀች። ለአባትሽስ እንዲሁ ያለ እናሳትምላቸው ወይ ብላት፣ “ይተዉት ጋሼ፤ እሱ ጋ ያለው እዚያው ይቆይ፤ ዓይኑ ይለምደዋል” አለችኝ። በሩን ይዛ ልትዘጋው ስትል ደግሞ ተመልሳ፣ በደብዳቤው ላይ ይህንንም ይጨምሩበት ብላ አደራ የሰጠችኝ ስለሆነ አደራ አልበላም፦ “ባሌን ሲያመጣልኝም ያለኝ ይህንኑ ነው።”