ቢላዋን በስለቱ የያዘች እናት

ይድረስ ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለኦሌቢሌ፤

እንዴት ከርመሃል? የባሕሩ ብርድ ጉልበትህን አልጎዳውም? ሚስትህ ሄንድሪናስ፣ ሕፃኑስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን፤ እናታችንም ደህና ናት። ደህና ናት ስልህ ለወጉ እንዳይመስልህ፣ እውነቴን ነው።

ለአጎታችን ለሞዲሪ ደውለህ «የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም፤ እማዬ የፍርድ ቤቱን ወረቀት ታንሳ» ብለሃል አሉ። ወንድሜ፣ ተቆጥቼብሃለሁ! አንተ ዋልቪስ ቤይ ሆነህ የምታስታውሰው ያንን ኳስ ተጫዋቹን ታናሻችንን ቲሮን ነው። እኛ ጋ ያለው ቲሮ ግን የሠላሳ አንድ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ናዮፔ የሚሉት ዕፅ ሌላ ሰው አድርጎታል። እናታችን ሁለት ዓመት ሙሉ ጫማዋን እንዳደረገች ነው የተኛችው፣ ሲነሳበት ለመሮጥ።

ከፋሲካ በፊት ምድጃችንን ሊሸጥ ሲያወጣ በሩ ላይ ቆመችበት። ቢላዋ መዘዘባት። በባዶ እጇ ያዘችው፤ መዳፏ ተሰፋ።

አጎታችን ዘመድ ሰብስቦ ያንኑ የለመድነውን ተረት አመጣ፤ «የልጅ እናት ቢላዋን በስለቱ ትይዛለች» አላት፣ ቻይው ለማለት። እሷ ፋሻዋን ፈትታ መዳፏን አፍንጫው ሥር ዘረጋችለት። «ያዝኩት እኮ! ይኸው! ተረቱ ያዢው አለ እንጂ መልሰሽ አቀብዪው አላለም» አለችው። አቤት እናታችን! በማግስቱ ፍርድ ቤት የወሰዳት ማን መሰለህ? ራሱ አጎታችን።

አሁን ቲሮ በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ የግቢውን በር ማለፍ አይችልም። ቁልፉ ተቀይሯል፤ የሰፈሩ ሴቶችም ሁሉ ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ባለፈው ዓርብ አጥሩን ሊዘል ሲል እናታችን ነፋች። ጎረቤታችን ማ ሴኢፓቲ የገንፎ ማማሰያዋን እንደያዘች ወጥታ «ና እስቲ ጀግናው፣ እኛንም ሞክረን!» አለችው። ሌሎቹም ተከትለዋት ጎረፉ። ፖሊስ እስኪደርስ መች ጠበቀ፣ ፈረጠጠ!

እናትነቷ ግን አልቀረም። እሑድ እሑድ ገንፎውን በጎመን አድርጋ በአጎታችን እጅ ትልክለታለች፤ «ሕክምና ግባ፣ በሩን እኔው እከፍትልሃለሁ» በልልኝ ትለዋለች። ሳህኑ ከወጣ በኋላ ታለቅሳለች፤ በሩን ግን አትከፍትም።

ስለዚህ ወረቀቱን አንሺ አትበላት። ደውልና «እማዬ፣ ደግ አደረግሽ» በላት። በኩሯ ነህ፣ የምትጠብቀው ያንተን ቃል ነው።

ሄንድሪናን ሳምልኝ፤ ሕፃኑን ታንጌኒን ሁለት ጉንጩን። አጎታችን ሰላም ብሎሃል፤ ማ ሴኢፓቲም ከነማማሰያዋ። የእናታችንን ሰላምታ ጠይቄ እንዳልጽፍልህ ቀትር ነው፣ ተኝታለች። ጫማዋ አልጋዋ ሥር ነው።

እህትህ ኬናይልዌ
ታውንግ፣ ጁን 11 ቀን 2024