በከንፈሬ የያዝኩት ስፒል

እህት ዓለም፣ ያ ወገብሽ እንዴት ሰነበተ?

ዛሬ እንግድነት የመጣሁባት ልጄ ጎትታ ዮጋ ወሰደችኝ። እግራችሁን አንገታችሁ ላይ ጠምጥሙ ሊሉን ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ለካ እንደኛ ጉልበቱ ለደከመ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራም አለ። ልክ እንደ ስፌት ቤታችን ቁጭ ብሎ መዋል ነው፤ እዚህ ግን "ደረሰልኝ ወይ?" እያለ የሚያዋክብ ደንበኛ የለም።

በመጨረሻ ዓይናችንን አስጨፈኑን። አሠልጣኟ ረጋ ባለ ድምፅ "ግንባራችሁን ፈታ፣ ትከሻችሁን ጣል አድርጉ" ስትል ቆየችና አጠገቤ መጥታ "እማማ፣ ከንፈርዎንም ለቀቅ ያድርጉት" አለችኝ። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? መዳፌን አገጬ ሥር ዘርግቼ አፌን ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ስፒሎቹን ልቀበል! ሠላሳ ዓመት ስፒል በከንፈሩ ይዞ የሰፋ ሰው አመሉን የት ይጥለዋል? ሳቄ አመለጠኝ፤ ክፍሉም አብሮኝ ሳቀ።

ባዶ መዳፌን ሳይ ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ። የሙሽራዋ ቀሚስ ሲያጥር ጥፋቱን በእኔ ላይ ካላከክሽ በኋላ፣ በመነሻዬ ዋዜማ "ተቀየምሽኝ እንዴ?" ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እኔም አፌ ላይ ያለውን ስፒል በጣቴ አሳይቼሽ ስፌቴን ቀጠልኩ። አውጥቼ መመለስ አቅቶኝ መሰለሽ? እልህ ይዞኝ ነው።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ፤ ጠርዙ ላይ ነው የምጽፈው። ባልሽን፣ ልጆችሽን፣ ያን ነዝናዛ አለቃችንንም ሰላም በይልኝ። አንቺም ስፌቱን ጋብ አድርገሽ ትከሻሽን ጣል አድርጊ፤ ሌላውን ስመጣ አሳይሻለሁ።

አዎ፣ ተቀይሜሽ ነበር። አሁን ናፍቀሽኛል።