የማንሶክን ኮት ይዤ ጣራ ላይ የወጣሁበት ቀን

ለምወድሽ ልጄ ለሱንዶክ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የኦፕራሲዮኑ ቁስልሽ ጠገገልሽ ወይ? ሐኪሙ የሰፋበትን ክር አወጣልሽ? ምግብስ ይወርድልሻል? ባለቤትሽ ጂንሁዋን ደህና ነው? ልጆቹስ? ኦሳካ ብርዱ ጀምሯል ሲሉ ሰምቻለሁና ወገብሽን ሸፍኚ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ከእንግዲህ ላልዋሽሽ ነው። ደህና አይደለሁም። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ልጆቹ ብቻ ጠይቄሽ እዘጋለሁ። ስለዚህ ቀስ እያልኩ እጽፋለሁ። ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው።

የወንድምሽ የማንሶክ መርዶ የደረሰኝ ቀን ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር። እኛ ጠላቂ ሴቶች ጠዋት ባሕር ገብተን ወጥተን፣ ልብስ በምንቀይርበት በድንጋይ በተከበበው ቦታ እሳቱን ከበን ተቀምጠናል። አብራኝ የምትጠልቀው ቹንዋ እንደ ልማዷ ትተርበኛለች። መረቤ ውስጥ አንድ ኦክቶፐስ ብቻ አይታ፣ «ጉምሬ፣ አንቺ ነሽ የያዝሽው ወይስ እሱ አዝኖልሽ ተከተለሽ?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ሆስፒታል ተኝቶ የነበረው ወንድምሽ ያኔ ከሞተ አንድ ሰዓት አልፎት ነበር። የመንደሩ ሹም ሞተር ብስክሌቱን መንገድ ላይ ጥሎ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ እየተንሸራተተ ሲወርድ ሳየው አፉን ሳይከፍት ዐወቅሁ። ወንድ እዚያ አይመጣማ።

ምግብ ወደ ሳንባው ገብቶ፣ ሳንባው ታምሞ እንደሞተ ታውቂያለሽ። የማታውቂው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። እሱን እንድትረጂልኝ ግን ከፊቱ የነበረውንም መናገር አለብኝ፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ብዙ ነገር ደብቄሻለሁ።

ወንድምሽ እጁ ከመንቀጥቀጡ አሥር ዓመት ቀድሞ እንቅልፉ ተበላሽቶ ነበር። ተኝቶ ይጮኻል፣ ይራገጣል፣ በቡጢ ይማታል። ቀን ላይ ዶሮ ለማረድ እንኳ ፊቱን የሚያዞር ሰው። አንድ ጠዋት ሚስቱ ሚራን ዓይኗ አብጦ ለቁርስ ተቀመጠች። «እናቴ፣ ተኝቶ ነው፤ አያውቀውም» አለችኝ። እሱ ራሱን ይዞ፣ በሕልሜ ከእርሻችን የዱር አሳማ እያባረርኩ ነበር አለ። እኔ ሁለቱንም አላመንኳቸውም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከጀልባ ወድቆ የደነገጠ ጊዜ ነፍሱ ባሕር ቀርታለች ብዬ ቆረጥኩ። ሸሚዙን ይዤ ነፍስ ወደምትጠራው አዋቂ ሄድኩ። ሩዝ በትና ቆጠረች፣ ሸሚዙን ውኃ ረጨችው፣ ነፍሱ ተመልሳለች አለችኝ። አልተመለሰችም። ሰባት ጊዜ አስጠራሁ ልጄ። ሚራን መጀመሪያ ሌላ ክፍል ተኛች፣ በኋላ ባሕር ተሻግራ ወንድሟ ዘንድ ሄደች። ስትወጣ በር ላይ ቆሜ፣ የተኛ ባል የምትፈራ ሚስት ምን ሚስት ናት አልኳት። ዞር ብላም አላየችኝ።

እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ፣ እርምጃው አጥሮ፣ ሙያው ካብ ሥራ ሆኖ ድንጋይ አንስቶ ካብ ላይ ማስቀመጥ ሲያቅተው ነው ከተማ ሆስፒታል የሄድነው። ዶክተር ፒዮ የምትባል ቀጭን ሴት ፓርኪንሰን ነው አለችን። ከሁሉ በፊት የጠየቀችው ግን ስለ እንቅልፉ ነበር። ጤነኛ ሰው ሕልም ሲያይ አንጎሉ ሰውነቱን ይቆልፈዋል፤ የእሱ ቁልፍ ከብዙ ዓመት በፊት ተበላሽቷል፣ ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ በዚያ በር ነው የሚገባው አለች። ቀድማችሁ መጥታችሁ ቢሆን አድነው ነበር አላለችም፤ መድኃኒቱ ገና አልተገኘም። ቢያንስ ግን የሕመሙን ስም ለባልና ሚስቱ ነግሬ አልጋውን እንዲለዩ፣ ሹል ዕቃ ከአጠገቡ እንዲያነሱ እመክራቸው ነበር አለች። እኔ ሚራንን እያሰብኩ መሬት መሬት አየሁ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ማሽን ውስጥ እያስገቡ አንጎሉን ፎቶ ያነሱት ነበር። ሥዕሉን አሳየችን፤ ባለቀለም ክሮች ከወዲህ ወዲያ ተዘርግተዋል። እነዚህ ሳስተዋል፣ እነዚህ ደግሞ የነዚያን ሥራ ደርበው ይሠራሉ አለች። አልገባኝም። ከአውቶብስ ወርደን ወደ ቤት ስንሄድ ወንድምሽ ከአንድ የእርሻ ካብ ፊት አቆመኝ። «እማ፣ ይኼ ጭቃ የለውም። አንዱ ድንጋይ ሌላውን ነው የሚይዘው። ከሥር አንዱ ቢወጣ ካቡ ያን ቀን አይወድቅም፤ ከሩቅ ያሉት ዘንበል ብለው የሱን ሸክም ይሸከማሉ። ከመንገድ ስታዪው ደህና ነው። እኔ አሥር ዓመት እንደዚህ ቆሜያለሁ» አለኝ። ከዶክተሯ ይልቅ እሱ ነው ያስረዳኝ።

ያን ዓመት ወረቀት ፈረመ። ስሞት አንጎሌን ይውሰዱት አለ። በቁሜ የሚያዩኝ ከውጭ ነው፣ ስሞት ከፍተው ይዩት፤ ሌላዋ ሚስት ባሌ ክፉ ነው ብላ ከመሄዷ በፊት የሚነግራት ሐኪም ይኑር አለኝ። ከሞቱ በኋላ የሚፈርመው የቅርብ ዘመድ እኔ ስለነበርኩ ትፈርሚያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እሺ አልኩት። ባለፈው ክረምት አንደበቱ ሲከብድ ደግሞ ጠየቀኝ። አሁንም እሺ አልኩት።

ያን ቀን ሆስፒታል ስደርስ ዶክተር ፒዮ ዓይኗ ቀልቶ ጠበቀችኝ። እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መፈረም አለበት፣ ካለፈ አንጎሉ ለምርምር አይሆንም አለችኝ። እስክሪብቶውን ያዝኩ። ልጄ፣ የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ጽፌያለሁ። ከዚያ ፊቱን አየሁት። ነፍሱ ተመልሳ ስትመጣ ጭንቅላቱ ተከፍቶ ብታገኘው ወዴት ትገባለች ብዬ አሰብኩ። ገና አልጠራሁትም፤ እንደ ወጋችን ኮቱን ይዤ ከቤታችን ጣራ ላይ ሦስት ጊዜ ስሙን ጠርቼ ልምጣ፣ ያኔ እፈርማለሁ አልኳት። በመኪና እናድርስዎት ሲሉኝ እንቢ አልኩ። እሷም፣ «ይሂዱ እናቴ። ግን ይመለሱ፤ እዚሁ እጠብቅዎታለሁ» አለችኝ።

ቹንዋ መሰላሉን ያዘችልኝ። ጣራው ላይ ወጥቼ ወደ ሰሜን ዞሬ ኮቱን እያውለበለብኩ ጠራሁት። ስወርድ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም ነበር። ቹንዋ፣ «ጠርተሽዋል፣ በቃ። አሁን ቶሎ ሂጂ፤ የሰጠሽው ቃል አለ» አለችኝ።

ሄድኩ፤ ፌርማታው ላይ ኮቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አውቶብስ መጣ። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ፣ አያቴ ይገባሉ ወይ አለኝ። ሰው እየጠበቅሁ ነው አልኩት። ሁለተኛው መጣ። ለእሱም እንደዚያው አልኩት። መንገዱ ርቆብኝ አይደለም፣ ጉልበቴም አልያዘኝም። ሰዓቴን እያየሁ፣ ዐውቄ ነው ሁለት አውቶብስ ያሳለፍኩት። በሦስተኛው ስደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ጨልሟል። ዶክተር ፒዮ ወረቀቱን ይዛ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ተነሥታ ኮቱን ከእጄ ተቀብላ አጠፈችልኝ፤ «ደከሙ አይደል?» ብቻ አለችኝ።

በቀብሩ ማግስት አንቺ ከአልጋሽ ላይ ሆነሽ፣ እማ፣ እንደ ቃሉ ወሰዱት ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም አዎ አልኩሽ። ዋሸሁሽ። ሙሉ አካሉን ከአባትሽ አጠገብ ቀብሬዋለሁ። ካብ ሠሪ ጓደኞቹ የመቃብሩን ዙሪያ በድንጋይ ሲክቡ፣ ሰው ሁሉ እንዴት ያማረ ቀብር ነው አለ። እኔ ግን እህል ሲቀርብልኝ ያ ጥያቄው ይመጣብኛል፤ ትፈርሚያለሽ ወይ ይለኛል። ባሕር ስወርድ ትንፋሼን ይዤ ታች መቅረት ያምረኛል። ቹንዋ ገብቷታል መሰል ከአጠገቤ አትርቅም።

ባለፈው ሳምንት ዶክተር ፒዮ ዘንድ ሄጄ፣ በእሱ ፈንታ የእኔን ውሰዱ አልኳት። የጤነኛ ሰውም ለማመሳከሪያ ያስፈልገናል፣ የእሱን ግን አይተካም አለችኝ። እውነቱን ስለነገረችኝ አመሰገንኳት። ፈርሜያለሁ። የቅርብ ዘመድ ቦታው ላይ ያንቺ ስም ነው ያለው፤ ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ብትቆጪኝም ተቆጪ፣ ብቻ ፈርመሽ መልሽልኝ። ለሚራንም ጽፌላታለሁ። መልስ አልመጣም፤ አልፈርድባትም።

ለጂንሁዋን ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለዩሚ፣ አያትሽ የባሕር ቅጠል አድርቃልሻለች በያት። ሰንግጁን ግንባሩን ሳሚልኝ። አማትሽን ጉልበታቸው እንዴት ነው ብላለች በያቸው።

ይህን ደብዳቤ ለብቻሽ አትያዥው። ለቤተሰቡም፣ እዚያ ላሉት ለአገራችን ሰዎችም አንብቢላቸው፤ ጥፋቴን ይስሙ። እናንተም የምታነቡት ሁሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለልጄ ለኮ ማንሶክ ጸልዩለት። በየምታምኑበት፣ በስሙ ጠርታችሁ፣ እንቅልፉ ሰላም እንዲሆን ለምኑለት።

እናትሽ ያንግ ጉምሬ
ጄጁ ደሴት፣ ሶልመሪ መንደር
በጨረቃ አቆጣጠር አሥረኛው ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን