ሜዳ ላይ ብቻ ስለሚይዘው የእጅ ፍሬኔ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ፣

እርስዎም ሠራተኞችዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የእናቴ ጤንነት ግን ባለፈው ሳምንት ለጥቂት ነው የተረፈው። ጣቢያዎ መርምሮ ያሳለፋት መኪናዬ ውስጥ እናቴን ከኋላ አስቀምጬ የግቢያችንን በር ልከፍት ስወርድ፣ መኪናዋ የእጅ ፍሬኗ እስከ ላይ እንደተሳበ ቁልቁል መንሸራተት ጀመረች። የጎረቤት አጥር ባያቆማት ኖሮ ይህን ደብዳቤ በዚህ ትሕትና አልጽፈውም ነበር። ስለዚህ ከምስጋና ጋር ጥርጣሬዎቼን እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ መርማሪዎ ፍሬኑን የመረመሩት በመስኮት እጃቸውን አስገብተው፣ እጀታውን ሳብ አድርገው፣ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ድምፅ በማዳመጥ ነው። ግቢዎ ደግሞ ለጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ ፍሬን የሌለው ጋሪም ቆሞ ይውልበታል።

ሁለተኛ፣ ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ያለው መካኒክ ከምርመራው በፊት ፍሬኑን አስተካከልኩልህ ያለኝ ገመዱን ብቻ አጥብቆ ነው። ቆይቼ እንደተረዳሁት፣ እጀታው ሲሳብ ገመዱ የኋላ ጎማዎቹን የፍሬን ሸራ ገፍቶ ከጎማው ጋር አብሮ ከሚሽከረከረው ታምቡር ጋር ያጣብቃል። ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት ሸራው ነው፤ ካለቀ ይቀየራል፣ ከታምቡሩ ከራቀም እንዲቀርብ ይደረጋል፤ ገመዱ የሚጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው። የእኔ ሸራ አልቋል። ገመዱ ሲጠብቅ ግን እጀታው ጠንከር አለ፣ ድምፁም አማረ። የመርማሪዎ ጆሮ የሚወደው ይህንኑ ድምፅ መሆኑን መካኒኩ ከየት አወቀ? ሁለቱ በአንድ ጃንጥላ ሥር ሲሳሳቁ ያየኋቸው በአጋጣሚ ነው ብዬ ራሴን ለማሳመን እየታገልኩ ነው።

ሦስተኛ፣ አቤት ልል ስመጣ ጸሐፊዎ ማርሽ አስገብተህ ማቆም ነበረብህ አሉኝ። ታዲያ የእጅ ፍሬን ለምን ትመረምራላችሁ ብዬ ልጠይቅ ስል መስኮቱ ተዘጋ።

እናቴ ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ አልገባም ብላለች። ለጉልበቷ ሕክምና የምትመላለሰው በእግሯ ነው። እሷ ስታነክስ ከኋላዋ እየተከተልኩ እናደዳለሁ። የምለምንዎት፣ ምርመራው ዳገት ላይ እንዲሆን ብቻ ነው። ዳገት ካጡ ሰፈራችን በደስታ ያውስዎታል።

ለጣቢያዎ ያለኝን አክብሮት ያለ ምንም ምርመራ እንዲያሳልፉልኝ በመጠየቅ፣
የጎረቤቱን አጥር በመጠገን ላይ ያለ ታዛዥ ተገልጋይዎ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ በጣቢያዎ በኩል ሳልፍ የእርስዎን መኪና ግቢው ውስጥ ቆማ አየኋት። የማለፊያው ምልክት መስታወቷ ላይ ያምራል። በዚያ ሜዳ ላይ ከሁለቱ የኋላ ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ ለምን እንደገባ ሾፌርዎን ብጠይቃቸው፣ ያዘዙት እርስዎ ራስዎ መሆንዎን ነገሩኝ።