የድንች ጆንያ ቋጠሮ

ለማከብርዎ ለባለቤቴ እናት፣

እንዴት ሰነበቱልኝ እማማ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ያ የግራው፣ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮ ቀድሞ የሚነግርዎ፣ በዚህ ነሐሴ አስቸገረዎት ወይስ ተወዎት? ቀበሮውስ ከዶሮዎቹ ላይ እጁን አነሳ፣ ወይስ ዛሬም ጠመንጃ ታቅፈው በረንዳ ላይ ነው የሚያመሹት? እኛ ደህና ነን። ደህና ስል ቆመን እንሄዳለን፣ እንበላለን፣ የምናድርበት ጎጆም አያፈስም ማለቴ ነው። ከዚያ ያለፈውን ደህንነት ደብዳቤውን ሲጨርሱ እርስዎው ይፍረዱት።

በእኔና በእርስዎ መካከል ደብዳቤ የመጻጻፍ ልማድ የለም። አራት ዓመት ሙሉ ሮይስ ሲጽፍልዎ እኔ ከግርጌው «ሰላም ብያለሁ» እያልኩ ኖሬአለሁ፤ እርስዎም ሲመልሱ «ለድንቿም ሰላም በልልኝ» ይላሉ። ከአይዳሆ ድንች ማሳ ተነስቼ የፈረስ ሰው ቤት ስለገባሁ ያወጡልኝ ስም ነው። መጀመሪያ አስለቅሶኝ ነበር። ኋላ ለመድኩት። አሁን ደግሞ ስሙ ያለ ምክንያት እንዳልወጣልኝ ልነግርዎ ነው የተቀመጥኩት። ሮይስ እንደምጽፍልዎ አያውቅም። ተራራ ላይ ነው፤ ሳይመለስ እጨርሰዋለሁ።

ለእሱ የላኩለትን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ። እሱ አላሳየኝም፤ ሰርቄ ነው። ፖስታ ሳጥኑ ዘንድ ቆሞ አነበበው፣ አጠፈው፣ ባርኔጣው ውስጥ ከላብ መያዣው ቆዳ ስር ሸጎጠው። ይኸው ሁለት ሳምንት ሙሉ የእናቱን ቃል አናቱ ላይ ተሸክሞ ይዞራል። ገላውን ሊታጠብ ሲገባ ባርኔጣውን አነሳሁ። የፖስታ ቤቷ ዶና ነግራኛለች፣ በአንተ ቸልተኝነት አንዲት ሴት አጥንቷ ተሰብሯል አሉ፣ ብለው ጽፈዋል። አባትህ ሠላሳ ዓመት ለእንግዳ ፈረስ ሲጭን አንድ ሰው መሬት ነክቶ አያውቅም፤ ኮርቻውን ለአጎትህ ልጅ ለዌይን ልሰጠው ነው፤ ኮርቻ የሚገባው የፈረሱን ሆድ የሚያስረውን ጠፍር ለሚያጠብቅ ሰው ነው፣ ብለዋል። ዶና ፖስታውን ሳትከፍት የምታነብ ሴት መሆኗን መቼም ያውቃሉ። ሴትየዋ መሰበሯ ግን እውነት ነው። ቀሪው ውሸት ነው እማማ።

ያን ቀን ፈረሱን የጫንኩት እኔ ነኝ።

እስቲ በቅደም ተከተሉ ልንገርዎ። እንግዶች ፈረስ ሊጋልቡ በሚመጡበት በዚህ እርባታ ያለውን ኮርቻ የመጫን ሕግ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ አባባ ራሳቸው እዚህ ሲሠሩ ያወጡት ነው ይባላል። የሚጭነው ሰው እርካቡን አንስቶ ከኮርቻው ፊት ያለው ጉብታ ላይ ይሰቅላል። እርካቡ እንደተሰቀለ እስካለ ድረስ ሥራው አላለቀም ማለት ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም፣ የጀመረው እጅ ተመልሶ ይጨርሰዋል። ይህ ሕግ በተለይ የሚያስፈልገው ለዲያቆን ነው። ዲያቆን የምንለው አንድ ዳማ ፈረስ አለን፤ ፊቱን ያየ ሰው ጾም ይዟል ይለዋል። ጠፍር ሲያይ ግን ከድግስ እንደተነሳ ሰው ሆዱን ነፍቶ ይቆማል። ያን ጊዜ አጥብቄአለሁ ብሎ የሄደ ሰው ጉድ ሆነ። ላላ አድርገው አስረው ዞር ይላሉ፣ ሌላ ፈረስ ይጭናሉ፣ እሱም ረስቶት ሲተነፍስ ተመልሰው ሁለት ጣት ያህል ይስቡታል።

ያን ጠዋት ሃያ ሁለት እንግዳ ነበረን። ከሚጭኑት አንዱ ታሞ ስለነበር እኔም ከወጥ ቤት ተጠርቼ ነበር። ዲያቆንን ላላ አድርጌ አሰርኩት፣ እርካቡን ሰቀልኩ፣ ወደሚቀጥለው ዞርኩ። በዚህ መሃል ነፋሱ ተገለበጠና ከወጥ ቤት የሚጠበሰውን የአሳማ ሥጋ ሽታ ይዞብኝ መጣ። አፌን ይዤ ከሣር ክምሩ ኋላ ሮጥኩ። እዚያ ብዙ ቆየሁ። ስመለስ ግቢው ባዶ ነበር፤ ወጥተዋል።

ወይዘሮ ፔንሮዝን አያውቋቸውም። ከቺካጎ የሚመጡ የጥርስ ሐኪም ሚስት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ሲመጡ ዘንድሮ አምስተኛ ዓመታቸው ነው፤ «እኔ እንኳ እንግዳ አይደለሁም፣ የቤት ሰው ነኝ» ማለት ይወዳሉ። የቤት ሰው ስለሆኑ የተሰቀለውን እርካብ ራሳቸው አወረዱት፣ መወጣጫው ድንጋይ ላይ ወጡ፣ ፈረሱ ላይ ተቀመጡ። ሮይስ ሰልፉን ሲያይ እርካቡ ሁሉ ወርዷል። ይዟቸው ወጣ። እንደ ልማዱ ሩብ ሰዓት ሄዶ ሁሉንም አቁሞ ጠፍር ሊፈትሽ ነበር። ወንዙ ዳር ያለው ቁልቁለት ግን ከዚያ በፊት ይመጣል፤ ኮርቻው እዚያ ዞረ። ሴትዮዋ ትከሻቸውና ሦስት የጎን አጥንታቸው ተሰበረ። በሕይወት አሉ፣ ልጃቸው መጥታ ወስዳቸዋለች። የእርካቡን ነገር የነገርኩዎ ሁሉንም እንዲያውቁ ብዬ እንጂ የእሳቸውን ጥፋት ከእኔ ላይ ልቀንስበት አይደለም። ሰቅሎ የሮጠ ሰው ጥፋተኛ ነው።

የእርባታው ባለቤት ሄስተር ሁላችንን ሰብስባ ዲያቆንን ማን ጫነው ብላ ጠየቀች። አፌን ልከፍት ስል ሮይስ ቀደመኝ። «እኔ ነኝ» አለ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፈረስ አወጣችው። አጥር ይጠግናል፣ ሣር ያጭዳል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከፈረስ ሌላ የማያውቅ ሰው! የፈረሶቹ አለቃ የሆነው ያ ከንፈረ ቀጭን ሰውዬ በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር «ሮይስ ወንድሜ፣ የአጥሩን ጠፍር አጥብቀኸዋል? ላሟ እንዳትወድቅብን!» ይለዋል፤ ሌሎቹም ይስቃሉ። እሱ ሽቦውን ይስባል። እኔ ሳህን አጥባለሁ። ዝም አልኩ፣ እማማ። ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ።

ለምን አላስጣልሽውም ይሉኛል። ለሄስተር እነግራታለሁ ባልኩ ቁጥር ይከለክለኝ ነበር። «ጥፋቱን ካመንሽ ለምን ትተሽ ሄድሽ ትልሻለች፤ ምን ልትያት ነው? ተማምለናል አይደል?» ይለኛል። የእርስዎ ደብዳቤ መጥቶ እንኳ ለምን ለእናትህ አትጽፍላትም ስለው፣ «ለእሷማ ከሁሉም በላይ አይነገርም» ብሎ ባርኔጣውን ደፋ።

መሐላውን ያመጣው የእርስዎ ምክር ነው፤ ወቀሳ አያድርጉብኝ። ባለፈው ዓመት በሐምሌ ያ ነገር ከእጄ ሲወጣ ስድስት ሰዓት መኪና ነድተው መጥተው፣ ሾርባ ሠርተው፣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች የሠሩልኝን ትናንሽ ካልሲ ሁሉ ለየባለቤቱ የመለሱልኝ እርስዎ ነዎት፤ እኔ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ። ያን ጊዜ ጸጉሬን ወደ ኋላ እየሰበሰቡ ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ለሚቀጥለው ኮትሽ አልቆለፍ እስኪልሽ ድረስ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ለእኔም ጭምር።» ሮይስ በር ላይ ቆሞ ሰምቶ ነበር። እናቱ አንድ ነገር ካለች እሱ ዘንድ ሕግ ነው። ስለዚህ እኔም ምንም አልነግርዎትም።

ያለፈው እሑድ ግን አልቻልኩም። ዝናብ ይዘንባል፣ ሮይስ ከአጥሩ ጋር ነው፣ ባርኔጣው ከነደብዳቤዎ ሾቋል። ሄስተር ዘንድ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጣ አተር ትፈለፍላለች። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «መጣሽ?» አለችኝ። ዲያቆንን የጫንኩት እኔ ነኝ አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እሱን መች አጣሁት! ኮርቻውን ከፈረሱ ሆድ ስር የፈታሁት እኮ እኔ ነኝ። የዚህ ልጅ አባት ጠፍር ሲያስር ጫፉን ወደ ታች ነበር የሚያሾልከው፣ ልጁም እንደዚያው። እኔ ያገኘሁት ግን የድንች ጆንያ ቋጠሮ ነው። በዚህ አገር ጆንያ የሚቋጥር ከአንቺ ሌላ ማን አለ?» አለችኝ። እናቴ ያስተማረችኝ ቋጠሮ ነው እማማ፤ ሌላ አይመጣልኝም።

ታዲያ ካወቅሽ ምነው ዝም አልሽ ብዬ ተናደድኩባት፤ ባጠፋሁት እኔው ተቆጣሁ። አተሩን አስቀመጠችና «እሱ የዋሸው በራሱ ፈቃድ ነው፣ አጥር ይጠግንበት። አንቺ ግን እስከ መቼ ዝናብ ውስጥ እንደምታቆሚው ልይ ብዬ ነው» አለችኝ። በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤአለሁ፣ እንደዚህ የገባብኝ የለም።

ልሄድ ስነሳ ኮቴን በእጄ ግጥም አድርጌ ይዤ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ለምን ትተሽው እንደሄድሽ አልጠይቅሽም። ከነገ ጀምሮ ግን ፈረስ አጠገብ እንዳላይሽ። የወጥ ቤቱም ሽታ ካልተስማማሽ ልብስ ማጠቢያው ቤት ግቢ፣ ንጹሕ አየር አለው» አለችኝ። ሮይስንም በማግስቱ ወደ ፈረሶቹ መለሰችው።

ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈኝ፤ ቃል አፈረስሽ አለኝ። ጥፋቱን እንጂ ምክንያቱን አልተናገርኩም ስለው፣ ለሄስተር ሁለቱ አንድ ናቸው አለኝ። እውነቱን ነው። ኩርፊያውስ አለፈ። ያላለፈው ሌላ ነው፣ የጻፍኩልዎም ለሱ ነው። ሮይስ እጁን ማመን ትቷል። ያን ውሸት ደጋግሞ ከመናገሩ የተነሳ እጁ ራሱ አምኖታል። አንድ ጠፍር አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ይፈትሻል። እንግዶቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ይጠብቁታል፣ እሱ ከመጀመሪያው ፈረስ ይጀምራል። ትናንት ጠዋት ለአንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ሊጭን ሲል እጁን ከጠፍሩ መለሰና ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጣት። ዞር ብሎ ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን አየ። ምን እንደሚያይ እኔ አውቃለሁ።

እኔ «ያሰርከው አንተ አይደለህም» ስለው ይስቃል። ሄስተር ብትለው «እሺ እመቤቴ» ይላል። «የአባትህ እጅ አለህ» ቢባል የሚያምነው ከእርስዎ ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ ቃልዎን መልሰው የማያውቁ ሴት ነዎት፤ ስለዚህ ነው የምፈራው። ይጻፉለት እማማ። ይቅርታ አይበሉት፣ እንደማይሆንልዎ አውቃለሁ። «ጠፍሩን ያሰረችው ድንቿ ነች» ብለው አንድ መስመር ብቻ ይጻፉለት። በዚያው ቁራጭ ወረቀት በባርኔጣው ያለውን ይቀይረዋል።

የአባባን ኮርቻ ለዌይን ሰጥተውት ከሆነ ይመልሱት አልልም። ዌይንም መልካም ሰው ነው፤ አንድ ቀን ፈረስ ላይ ሲወጣ አያለሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ያቺን ጎተራው ግድግዳ ላይ የተሰቀለችውን ትንሿን ኮርቻ ግን፣ ሮይስ በአራት ዓመቱ የተማረባትን፣ አደራዎን ለማንም እንዳይሰጡብኝ። አይጥ እንዳይበላት ጨርቅ ይጣሉባት። ቅባትም ቢቀቡልኝ ደስ ይለኛል። ለምን ብለው አይጠይቁኝ፤ ኮቴ እስካሁን ይቆለፋል።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያበርታልኝ፣ ዶሮዎችዎን ከቀበሮ ይጠብቅ፣ በሰላም ለመገናኘት ያብቃን።

ልጅዎ፣
ድንቿ