ሽማግሌ ወደ ጦር ሰፈር

ማርች 6፣ 1995፣ ሰኞ

ወንድሜን ዳዊትን ከአሜሪካ ጦር ሊያስወጡት ነው። ጠዋት ደውሎ እውነቱን ለእኔ ብቻ ነገረኝ፦ አንዱ ደብዳቤውን አንብቦ አሳበቀበት፣ አለቃው ጠየቀው፣ እሱም «አዎ፣ ጌይ ነኝ» አለ። ለአባዬ ያለው ግን «ከአለቃዬ ጋር አልተስማማንም» ነው።

ክፍል ውስጥ ቲቸሩ «ጌይ ሰው ወታደር ይሁን የሚል እጁን ያውጣ» አለ። አምና ይህንኑ ሲጠይቅ አራት እጅ ብቻ ነበር። ዘንድሮ ግማሹ ክፍል አወጣ። እኔ እርሳሴን ጣልኩና ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ፈለግኩ። ፈሪ።

ማርች 8፣ ረቡዕ

አባዬ መፍትሔ አገኘ፦ «አለቃው ተቀይሞት ነው፤ ሽማግሌ እንልክበታለን።» ለአሜሪካ ጦር! ልጁን ሊድር ይመስል።

የተመረጡት፦
ጋሽ ታደሰ፣ ባለታክሲ፣ ድሮ አገር ቤት የመቶ አለቃ።
አቶ በላይ፣ የማያውቁት ነገር የሌለ።
ሦስተኛ ሰው ጠፋ። አስተርጓሚም ያስፈልጋል። ስለዚህ በአሥራ አምስት ዓመቴ ሽማግሌ ሆንኩ።

ማርች 11፣ ቅዳሜ

ከቤታችን ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ አቶ በላይ «ልጅ ያጠፋል፣ አባት ይምራል» እያሉ ተለማመዱ። እኔም እውነቱ ከወጣ በትርጉም የምተካበትን ውሸት፣ «ከአለቃው ጋር አልተስማማም» የሚለውን፣ ተለማመድኩ። ሰፈሩ በር ላይ ሁለቱም ኮታቸውን ቆልፈው ለዘበኛው እጅ ነሡ። ዘበኛው ግራ ገብቶት መኮንን ጠራ።

መኮንኑ ትሑት ነው። «ጎበዝ ወታደር ነው። ሕጋችን ‹አትጠይቅ፣ አትናገር› ነው፤ ዝም ቢል ማንም አያስወጣውም ነበር። ጌይ ነኝ ብሎ ተናገረ፤ በቃ።»

«ምን አለ?» አሉኝ ሁለቱም። ውሸቴ ዝግጁ ነበር። ሰኞ ጠረጴዛ ሥር መግባቴ ትዝ አለኝና እንዳለው ተረጎምኩት።

አቶ በላይ መኪና ውስጥ ጮኹ፦ «አፉን ቢይዝ ምን ነበረበት? ስንት ጉድ ተሸክመን ዝም ያልን ሰዎች አለን!» (የትኛውን ጉድ፣ አልነገሩንም።)

ጋሽ ታደሰ ግን ለቤት ስንቃረብ፣ ሄይዋርድ ስንደርስ ነው የተናገሩት። «በእኛም ጦር እንዲህ የሚባል ልጅ ነበር። ስቆስል ተሸክሞ ያወጣኝ እሱ ነው።»

አቶ በላይ ሬዲዮ ከፈቱ።

ማርች 12፣ እሑድ

እንግዳ ሁሉ ሳይቀመጥ የሚያደንቀው የዳዊት የዩኒፎርም ፎቶ ከቴሌቪዥኑ ላይ ተነሥቷል። አባዬ እውነቱን ከእኛ ከሽማግሌዎቹ ሰምቶ ሕግ አወጣ፦ «ሰው ከጠየቀ፣ ጊዜውን ጨርሶ ወጣ። ሌላ ወሬ የለም።»

ያው የጦሩ ሕግ ነው፣ ደመወዝ የለውም እንጂ።

ማርች 13፣ ሰኞ

ዳዊት ዓርብ በአውቶቡስ ይገባል። ጋሽ ታደሰ ደውለው «እኔ እቀበለዋለሁ» አሉ። አባዬ ስልኩን እንደያዘ «በስንት ሰዓት?» አለ።

አብሯቸው ሊሄድ ይሁን ወይስ ቤት ላለመገኘት፣ አልጠየቅኩትም። እኔም ሕጉን ለምጃለሁ።