ሥራ መፍታት ተብሎ ስለተመዘገበው ዝምታ

«መምህር ኃይለመለኮት ተክለጻድቅ በክፍለ ጊዜያቸው ተማሪዎቻቸውን ሥራ አስፈትተው በዝምታ ሲያስቀምጡ በተቆጣጣሪ ስለተገኙ ደመወዛቸው በእኩሌታ ተቀንሷል። ሆኖም በመዝገባቸው የሚገኙት ዐሥራ አንድ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በገዛ ፈቃዳቸው መተዋቸውን መምህሩ በፊርማቸው ካረጋገጡ፣ ደመወዛቸው ተመልሶ ወደ አንደኛ ደረጃ መምህርነት ከፍ ይላሉ።»

ለክቡር የሙዚቃ ማሠልጠኛ ቤቱ ዳይሬክተር፤
ልደታ፣ አዲስ አበባ

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። የአገራችን ከፍታ ትንፋሽዎን እንደሚያሳጥረው ስለሰማሁ፣ ይህን ደብዳቤ ተቀምጠው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ከላይ የገለበጥሁት በማኅተምዎ የደረሰኝን ቃል ነው፤ አንድ ፊደል አልጨመርሁበትም።

አንደኛ፤ ስለ ደመወዝና ስለ ደረጃ። በጄኔቭ ሰባት ዓመት ተምሬ፣ እዚህ ከሃያ ዓመት በላይ አስተምሬአለሁ። ባለፈው ዓመት ከመርከብ የወረዱት ወጣት ባልደረባዬ ኖታ ማንበብን ከእኔው እየተማሩ የእኔን አራት እጥፍ ይቀበላሉ። ትምህርታቸውን የሚወስዱት በር ዘግተው ስለሆነ፣ ስለ ጨዋነታቸው አመሰግናቸዋለሁ። የአገሬው ተወላጅ ምንም ቢያውቅ ከሁለተኛ ደረጃ እንዳያልፍ የሚያዘውን ደንብ የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ያንኑ ደንብ ለእኔ ሲሉ ለመጣስ መነሣትዎን ሳይ፣ ፊርማዬ ምን ያህል እንደቸገረዎ ገባኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ ዝምታው። ተቆጣጣሪው ሰዓታቸውን አውጥተው ዝም ያልንበትን ደቂቃ ሁሉ መቁጠራቸው የሚመሰገን ትጋት ነው። ነገር ግን የሙዚቃ ሰው ስላልሆኑ ያዩትን አላወቁትም። በእኔ ክፍል እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ድርሻ ብቻ ያጠናል፤ ተራው እስኪደርስ የሌላውን በልቡ እየቆጠረ ይጠብቃል። ዐሥራ አራት ነበሩ። ጃርሶ በክላሪኔት፣ ሁመድ በጥሩምባ፣ ሌሎቹም ዘጠኙ እየተቀባበሉ ዜማውን ይዘው ነበር። የቀሩት ሦስቱ አጃቢዎች ናቸው። ጥቂት ይነፉና የጃርሶ ተራ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ መሣሪያቸውን አውርደው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ዐሥራ ስድስት ምት ይቆጥራሉ። አንዳንድ ቀን ሦስቱም በአንድ ጊዜ ቀና ብለው ወደ ጃርሶ ባዶ ወንበር ያያሉ። እኔም ቁጥሩ ይጠፋብኛል። ይህ ሥራ መፍታት ከተባለ፣ እውነት ነው፣ ሥራ ፈትቻለሁ።

የጃርሶ እናት ወይዘሮ የሻረግ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር በእግራቸው መጥተው ከመስኮቱ ሥር ይቆማሉ። ዝምታው ሲደርስ ነጠላቸውን ያጣፋሉ፤ ሲያልቅ «ዛሬ ደግሞ ረዘም አደረጋት፣ አይደል?» ብለውኝ ይሄዳሉ። ተቆጣጣሪው እርሳቸውንም ቢመዘግቧቸው መልካም ነበር፤ ደመወዝ የላቸውምና የሚቀነስባቸው የለም።

ሦስተኛ፤ ስለ ገዛ ፈቃዳቸው። የካቲት ፲፫ ቀን ፲፱፻፳፱ ዓ.ም. ጠዋት አንድ የጣሊያን መኮንን ከወታደሮቹ ጋር ወደ ክፍላችን ገብቶ የስም መዝገቡን ጠየቀኝ። እኔም መዝገቤ ንጹሕ መሆኑን እንዲያይልኝ ያህል ዘርግቼ ሰጠሁት። ስማቸውን መጥራት ሲጀምር ፊደል እያጠፋ ስላስቸገረኝ አረምሁት። ሁመድን በሌላ ስም ሲጠራው አረምሁት፤ ገብረየሱስን ሲቆርጠው አረምሁት። በትክክል የተጠራው ሁሉ እየተነሣ ወጣ፤ በካሚዮን ተጫነ። ሦስቱ የተረፉት ዘግይተው ስለነበር «ቀሪ» ብዬ ጽፌባቸው ነው፤ በመዘግየታቸው ስንት ጊዜ ገሥጫቸዋለሁ! ጃርሶ ከበሩ ላይ ዞር ብሎ፣ ለዚያ ተራ ዘወትር ከሁመድ ጋር ይጣላ ነበርና፣ እየሳቀ «የኔታ፣ ተራዬን ለሰው እንዳይሰጡብኝ» አለኝ። እነሆ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ አልሰጠሁም።

አሁን «በገዛ ፈቃዳቸው ተዉ» ብዬ እንድፈርም ጠይቀውኛል። ያን ቀን መኮንኑን በማረም አግዣለሁ፤ ይበቃኛል። ለሁለተኛ ጊዜ አላግዝም፤ ሙሉ ደመወዝና አንደኛ ደረጃ ቢጨመርበትም አልፈርምም። በፈንታው አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ዐሥራ አንዱ ልጆች እያንዳንዳቸው የት እንዳሉ፣ የሞቱም ካሉ የት እንደተቀበሩ፣ እስከ ታኅሣሥ ፩ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም. በጽሑፍ፣ በስም ለይተው፣ በማኅተምዎ አጽንተው እንዲመልሱልኝ። በቃል የሚነገረኝን አልቀበልም።

ላሳዩኝ ቸርነት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና፣ ይህን ሁሉ የማያስረሳ ብርቱ የማስታወስ ኃይል እመኛለሁ።

ትሑት አገልጋይዎ
ኃይለመለኮት ተክለጻድቅ
ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ግልባጭ፤ ለዐሥራ አንዱ ቤተሰቦች፣ እንዲሁም በማሠልጠኛ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ።

ማሳሰቢያ፤ ሰዎችዎ እኔን ለመውሰድ ሲመጡ እንዳይቸገሩ ስሜን በመዝገቡ ላይ ከተወሰዱት ከዐሥራ አንዱ ቀጥሎ ዐሥራ ሁለተኛ አድርጌ፣ አንብበው እንዳይሳሳቱ በትልልቅ ፊደል ጽፌዋለሁ። «የቀረበት ምክንያት» የሚለውን ቦታ ግን «ተወስዶ» ብዬ በማይለቅ ቀለም ስለሞላሁት፣ ክቡርነትዎ በሌላ ቃል ለመሙላት እንዳይደክሙ።